የቁልፍ ተጫኙ ኑዛዜ

ወንድ ልጅ ማድ ቤት ሲገባ ወሬው ከወጡ ቀድሞ ይደርሳል። የኔማ ወሬ ከብስራተ ገብርኤል ተነሥቶ፣ በሳር ቤት ዞሮ፣ መካኒሳ ያሉ ዘመዶቻችን ቤት የገባው ሽንኩርቱ ገና ሳይላጥ ነበር። ያስወራሁት እኔው ነኝ። «እሱኮ ባለሙያ ነው፤ ወጥ ይሠራል» መባል ደስ ይለኛል። ወጥ መሥራት ግን ደስ አይለኝም። በመባልና በመሥራት መካከል ያለውን ሰፊ ሜዳ በአንድ ቁልፍ የሚያሻግረኝ ዕቃ ስፈልግ ኖሬ አገኘሁት። ሻጮቹ ፉድ ፕሮሰሰር ይሉታል፤ እኛ ቤት «መፍጫው» ነው።

ከዚህ በታች ያለውን ለንስሐ አባቴ አልነገርኳቸውም። የፈራሁት ቁጣቸውን አይደለም፤ ቀኖናዬን አንድ ጆንያ ሽንኩርት በቢላ መክተፍ ያደርጉብኛል ብዬ ነው። ለአንባቢ መናዘዝ ይቀላል፤ አንባቢ ቀኖና አይሰጥም፤ ቢበዛ ገጹን ይገልጣል።

ከትዕቢት ልጀምር። የመጀመሪያው መፍጫ የመጣው ከዋሽንግተን ነው። የአክስቴ ልጅ ከራሱ ልብስ ቀንሶ፣ ሻንጣው ውስጥ በፎጣ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ሥሩ ላይ በጉልህ «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ተጽፎበታል። የኛ አገር መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ መሆኑን ተማሪ ሳለሁ ተምሬያለሁ፤ ፈተና ላይም መጥቶልኝ አግኝቼዋለሁ። እኔ ዘንድ ዕውቀት ሥራው ፈተና ማለፍ ነው፤ ከዚያ ጡረታ ይወጣል። የሶኬቱ ጥርስ ጠፍጣፋ ሆኖ ግድግዳው አልቀበልም ቢለኝ፣ ሰፈር ሱቅ ወርጄ አዳፕተር ገዛሁ። ባለሱቁ ጨዋ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ይቺ የምታስተካክለው የጥርሱን ቅርጽ ነው እንጂ ኃይሉን አይደለም። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ቮልቱን የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ እሱም ከማሽኑ ዋት የሚበልጥ ይሁን» አለኝ። ትራንስፎርመር ሊሸጥልኝ ነው ብዬ በሆዴ ሳቅኩበት። ሱቁ ውስጥ አንድም ትራንስፎርመር እንደሌለ ያየሁት ቆይቼ ነው።

ቤት ገብቼ ሰካሁት። ሞተሩ ከተሠራለት እጥፍ ሊሆን ምንም ያልቀረው ቮልቴጅ ሲገባበት እሪ አለ፤ ሽንኩርቱን ከግድግዳ ግድግዳ አላጋው፤ ከዚያ በክዳኑ ሳይሆን በሆዱ በኩል ጭስ አወጣና ጸጥ አለ። የአክስቴ ልጅ በነጋታው ደውሎ «እንዴት ነው፣ ይሠራል?» ሲለኝ፣ «በጣም ፈጣን ነው» አልኩት። አልዋሸሁም። ለምን ያህል ጊዜ ፈጣን እንደነበረ አልጠየቀኝም።

ሁለተኛውን እዚሁ አዲስ አበባ ገዛሁ፤ ለ220 ቮልት የተሠራ። ከካርቶኑ ውስጥ መመሪያ ደብተር ወጣ። ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ በክብር፤ ሳልገልጠው። መመሪያ ማንበብ የማያውቅ ሰው ሥራ መሰለኝ። እዚህ ላይ ከሚያሳፍሩኝ ሰዎች አንዱ ካርል ሶንታይመር ነው። ፉድ ፕሮሰሰርን ለምግብ ቤቶች የፈለሰፈው ፈረንሳዊው ፒየር ቬርዳን ነው። ሶንታይመር ደግሞ የተማረ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነበር፤ ዕቃውን ፈረንሳይ አገር አይቶ ወደ አሜሪካ ወሰደው፤ ፈታታው፤ ስለቱንና የደኅንነት ነገሩን አሻሻለው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ቺካጎ ላይ ለቤት አገልግሎት አቀረበው። መሐንዲሱ ሰውዬ ለመረዳት ብሎ ዕቃውን በታተነው። እኔ የስምንተኛ ክፍል ፊዚክሴን ይዤ ደብተር ለመግለጥ ኮራሁ። ደብተሩ ብገልጠው ኖሮ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሞተሩ ከአንድ ደቂቃ በላይ በተከታታይ እንዳይሠራ፣ ከዚያም እንዲያርፍ ይነግረኝ ነበር። ያነበብኩት ማሽኑ እንደ ብረት ምጣድ ከጋለ በኋላ ነው፤ ያውም ዋስትናውን ፍለጋ።

አሁን ወደ ዋናው ወንጀል፣ ወደ ሽንኩርት። የአትክልት ገበያው ከፒያሳ ወጥቶ፣ በኮሮና ሰሞን ጃንሜዳ ሰንብቶ፣ በ2013 ዓ.ም. ኃይሌ ጋርመንት ከሰፈረ ወዲህ ለኛ ለንፋስ ስልክ ላፍቶ ሰዎች ሽንኩርት ቀረብ ብሏል። ቅርበቱ አስታበየኝና በጆንያ መግዛት ጀመርኩ። «ምን ችግር አለ፣ ማሽን አለን!» እላለሁ። ከጆንያው ላይ አንስቼ፣ ግማሹን ለሁለት ሰንጥቄ ግማሹን ሙሉውን፣ መፍጫው እስከ አፉ እስኪሞላ ጠቀጠቅኩት። ክዳኑን በክርኔ ተጭኜ ዘጋሁ። ቁልፉን ወደ «ቀጥል» አዞርኩና ስልኬን ከፈትኩ።

የዶሮ ቁሌት ምን እንደሚፈልግ የማያውቅ አበሻ የለም፤ የማያደርገው ግን አለ፤ እሱም እኔ ነኝ። ሽንኩርቱ በቢላ ድቅቅ ብሎ ይከተፋል፤ ያለ ዘይት፣ በደረቅ ድስት፣ በለዘብተኛ እሳት፣ ውሃውን ጨርሶ መልኩ እስኪለወጥ እየተማሰለ ይቆያል፤ ቅቤውም በርበሬውም ከዚያ በኋላ ነው። ውሃ ያነሰው የሐበሻ ሽንኩርት ለዶሮ የሚመረጠውም ለዚሁ ነው። ከኔ መፍጫ የወጣው ግን ሁለት ነገር ነበር። ስለቱ ሥር ያለው ጭማቂ ሆኗል፤ ላይኛው ግን ምንም ሳይነካው፣ አንዳንዱ ከነቅርፊቱ፣ ቁጭ ብሏል። ዕቃው ከልክ በላይ ሲሞላ የታችኛው ብቻ ደጋግሞ ይፈጫል፤ የላይኛው ተራ አይደርሰውም። ባለቤቴ መጥታ አየችው። ሮዝ ቀለም ያለው አረፋ ተንሳፍፎበታል። «አንተ፣ ይኼ ሽንኩርት ነው ኦሞ?» አለችኝ።

ድስት ላይ ጣድኩት። እንዲቁላላ ብጠብቀው ተቀቀለ። የሰላ ቢላ ሽንኩርትን ሲቆርጥ የሚያፈርሰው በመስመሩ ላይ ያለውን ሕዋስ ብቻ ነው፤ የሚሽከረከር ስለት ግን አብዛኛውን ያፈነዳዋል፤ ውሃው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወጣል፤ ተለያይተው ይኖሩ የነበሩት ኢንዛይምና የድኝ ውሁዶች ይገናኛሉ፤ ዓይን የሚያስለቅሰውም ምሬት የሚያመጣውም የነሱ መገናኘት ነው። ይህን ኬሚስትሪ ያነበብኩት ወጡን ማንም ካልበላው በኋላ፣ ራሴን ለመከላከል ነው። አማቴ ግን ጭብጡን በጠቅላላ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨርሰውት ነበር፦ «ሽንኩርት ሲጨቀጭቁት ይመራል።»

ትክክለኛውን መንገድ ደግሞ ደብተሩ ላይ ሥዕል ሠርተውለታል፤ ማንበብ ለሚጠላ ሰው ማለት ነው። ሽንኩርቱ ተልጦ፣ አራት ቦታ ተቆርጦ፣ ቁርጥራጩ እኩል ሆኖ፣ ከግማሽ ሳይበልጥ ይገባል። ከዚያ የጫን ለቀቅ ቁልፉን አንድ አንድ ሰከንድ እየተጫኑ መልቀቅ ነው፤ በየመሀሉ ማየት፤ ከጠርዝ የተጣበቀውን ሶኬቱን ነቅሎ በላስቲክ መጥረጊያ ወደ መሀል መመለስ። የሚፈለገው መጠን ላይ ሲደርስ ማቆም። እኔን የከበደኝ የመጨረሻው ነው። ቁልፍ መጫን ተፈጥሮዬ ሆነ፤ መልቀቅ ግን ትምህርት ጠየቀኝ።

በአንድ ጥፋት የሚቆም ሰው አይደለሁምና ሌሎቹን በሩጫ ልጥቀሳቸው። የክትፎ ሥጋ ከተትኩበት፤ ስለቱ ሲሽከረከር ሥጋውን አሙቆ፣ ጮማውን አቅልጦ፣ በቢላ ተከትክቶ የሚገኘውን ለስላሳ ፍርፍርታ ወደ ልጥፍጥፍ ለወጠው። ደረቅ እርድ ከነሥሩ ከተትኩበት፤ እርዱ አልደቀቀም፤ ጎድጓዳው ግን ተጫረ፤ እስከ ዛሬም ቢጫ ነው። የወፍጮ ቤትና የሙቀጫ ሥራ የፕላስቲክ ሥራ እንዳልሆነ እርዱ አስረግጦ ነገረኝ። በጾም ሰሞን የፈላ የዱባ ሾርባ ገልብጬበት ክዳኑን ዘጋሁ፤ እንፋሎቱ ክዳኑን አንሥቶ ዱባውን ጣራ ላይ አደረሰው። መቀዝቀዝ ነበረበት፤ መጠበቅ ግን ስሜ አይደለም። ለዳጣ የሚሆን ቃሪያ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ፈጭቼ፣ ስለቱ ሳይቆም ክዳኑን ከፍቼ፣ መዓዛውን ላጣጥም ብዬ ፊቴን ደፋሁበት። የተፈጨ ቃሪያ ጭጋግ በአፍንጫ ሲገባ ሰው የሠራውን ሁሉ ያስታውሳል። ጥቂት አቆይቶ፣ መስኮት ከፍቶ፣ ፊትን ወደ ጎን አዙሮ መክፈት እንደሚገባ የዚያን ዕለት ያወቅኩትን ያህል ምንም ነገር አውቄ አላውቅም። ባለቤቴ «ምን ሆነህ ነው?» ስትለኝ «እናቴ ትዝ ብላኝ ነው» አልኳት። እናቴ በሕይወት አለች፤ ያን ዕለት ጠዋት ደውላልናለች።

እስከዚህ ያለው የሚያስቀው ነው። የሚቀጥለውን ስጽፍ ግን ሳቄ ቀነስ ይላል።

እነዚህ ማሽኖች አንዲት ብልህ ነገር አለቻቸው። ክዳኑ ጫፍ ላይ ትንሽ ምላስ አለች፤ ክዳኑ በትክክል ሲገጥም ምላሷ በእጀታው ውስጥ ያለውን ዘንግ ትጫናለች፤ ዘንጉ ደግሞ ከሥር ያለውን ማብሪያ። ክዳኑ ካልገጠመ ማሽኑ አይነሣም። ጣት ከስለት ጋር እንዳይገናኝ የተቀመጠች ዘበኛ ናት። አንድ ቀን ዕቃ ልጠብ ብዬ (ያልለመደብኝ ነገር ነው) ክዳኑን ከቧንቧው ጋር አጋጭቼ ምላሷን ሰበርኳት። አዲስ ክዳን መፈለግ ይቻል ነበር። እኔ ግን የክብሪት እንጨት ቆርጬ፣ ዘንጉን ወደ ታች ወትፌ፣ በፕላስተር አሰርኩት። ማሽኑ ተነሣ። ክዳን ይኑርም አይኑርም ይነሣል። ኢንጂነር ነኝ ብዬ ለጓደኞቼ ፎቶ ላክኩ።

ሐምሌ 19 ደረሰ። ሰፈራችን በመልአኩ ስም የሚጠራ ነው፤ ቤታችንም ዝክር አለ። ቀኑ ከረቡዕና ከዓርብ ያመለጠ ስለነበረ ዶሮ ይሠራል። አማቴ ከደብረ ብርሃን መጥተዋል። ከድስቱ አጠገብ ተቀምጠው ሽንኩርት ሊከትፉ ቢላ ሲያነሡ፣ «እማማ፣ ይተዉት! በዚህ ዘመን ማን በቢላ ይከትፋል?» ብዬ ቀማኋቸው። ክረምት ነው፤ ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል። መፍጫውን ሞላሁ፤ አዞርኩ፤ ጥቂት እንደሄደ መብራት ጠፋ።

መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያው ሥራ ሶኬት መንቀል ነው። ሁለተኛው የማሽኑን ቁልፍ ወደ ዜሮ መመለስ ነው። እኔ የሠራሁት ሦስተኛውን ነው፤ በር ላይ ወጥቼ ለጎረቤት «እናንተም ጋ ጠፋ?» ማለት። እነሱም ጋ ጠፍቷል። እኛ እንዲህ ስንጽናና አማቴ ክዳኑን ከፍተው፣ ጠርዙ ላይ የተጣበቀውን ሽንኩርት በእንጨት ማንኪያ እየጠረጉ ነበር። ቁልፉ «ቀጥል» ላይ ነው። ዘበኛዋ በክብሪት እንጨት ታፍናለች።

ድንገት የሰፈሩ ልጆች ከየግቢው «መጣ!» ብለው ጮኹ። እኔም አብሬ «መጣ!» አልኩ። ከማድ ቤት ቀው የሚል ድምፅ ተሰማ። ሮጬ ገባሁ። የማንኪያው ግማሽ የለም፤ ስንጥሩ ሽንኩርቱ ውስጥ ተበትኗል፤ አማቴ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ይኸውና፦

«ማሽኑ ምን ሆነ?»

ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ካዩ በኋላ እኔን አዩኝ። «አለሁ ልጄ፤ ስለጠየቅኸኝ እግዜር ይስጥህ» አሉኝ።

በኑዛዜዬ ውስጥ ማሳጠር የማልችለው ይህን ነው። ሞተሩን ማቃጠል ስንፍና ነው፤ ወጥ ማሳረር አለማወቅ ነው፤ ይህ ግን ሌላ ስም አለው። ስንጥር የገባበትን ሽንኩርት በሙሉ ደፋነው። አማቴ ቢላቸውን አነሡ፤ ዓይናቸው እንባ እያወረደ እስከ መጨረሻዋ ከተፉ። ማታ እንግዶች ተሰብስበው ወጡን ሲያደንቁ አንዱ «ሽንኩርቱን ማን ነው እንዲህ ያደቀቀው?» ብሎ ጠየቀ። እኔ ፈገግ ብዬ ዝም አልኩ፤ እንዲህ ያለ ዝምታ ውሸት መሆኑን አውቃለሁ። አማቴ ቀና ብለው፣ «እሱ ባይኖር ኖሮ በጊዜ እንጨርስ ነበር» አሉ። እንግዶቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ።

እኔ ደግሞ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ከዚያ በኋላ ማሽኑን መክሰስ ጀመርኩ። ማስረጃም አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2016 አሜሪካ ውስጥ ኩዊዚናርት የተባለው ስመ ጥር መፍጫ፣ በብሎን መሰል ምስማር የተያያዘው ስለቱ እየተሰነጠቀ ስባሪው ምግብ ውስጥ ሊገባ ስለሚችል ወደ 8 ሚሊዮን የሚጠጋ ስለት እንዲሰበሰብ ተደርጎ ነበር፤ አፋቸው የተቆረጠ ወይም ጥርሳቸው የተጎዳ 30 ሰዎች ሪፖርት አድርገዋል። «አየሽ፣ ማሽን ራሱ አደገኛ ነው» አልኳት ባለቤቴን። እሷ ትንሽ አሰብ አደረገችና፣ «እነሱ ስምንት ሚሊዮን ስለት ጥፋታችን ነው ብለው ሰብስበዋል። አንተ አንዲቷን የክብሪት እንጨት መቼ ነው የምታወጣት?» አለችኝ። በዚያው ቀን አወጣኋት። ክዳኑም ተገዛ። ስለቱን ከመጠቀሜ በፊት ስንጥቅ እንዳለው ወደ ብርሃን አዙሬ ማየት የጀመርኩትም ከዚያ ወዲህ ነው።

ግን ስለቱን ካነሣን አንድ ነገር ይቀረኛል። ፈጭቼ ስጨርስ ስለቱን የአረፋ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ጥዬ መሄድ ልማዴ ነበር። አረፋ ውስጥ ያለ ስለት አይታይም። አንድ ቀን ቤት የምታግዘን ልጅ ለማጠብ እጇን ስትከት መዳፏን ቆረጣት። ጥልቅ አልነበረም፤ በፕላስተር ታሰረ። እኔ ሳሎን ሆኜ ስለ አዲሱ ዳጣዬ ለእንግዳ እያወራሁ ነበር።

ያኔ ሒሳቡን ሠራሁት። መፍጫው ሥራ አላጠፋም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው አዛወረ እንጂ። ሽንኩርቱን የምትልጠው ባለቤቴ ናት። ከክዳኑ ጎድጎድ፣ ከማስገቢያ ቱቦው፣ ከስለቱ ሥር የተሰነቀረውን ነጭ ሽንኩርት የምትጎለጉለው ልጅቷ ናት። የተበላሸውን እንደገና የሚሠሩት አማቴ ናቸው። የኔ ድርሻ ቁልፉና ምስጋናው ነው። ለአንድ ማታ ወጥ የሚሆን ሽንኩርት በቢላ ለመክተፍ የሚፈጀው ጊዜ፣ መፍጫውን ከመደርደሪያ አውርዶ፣ ገጣጥሞ፣ ፈጭቶ፣ ፈታቶ፣ አጥቦ፣ አድርቆ ለመመለስ ከሚፈጀው ያንሳል። እኔ ግን ማጠቡን በጊዜው ውስጥ ቆጥሬው አላውቅም፤ የማላደርገውን ለምን እቆጥራለሁ?

ማሽኑ ክፉ ነው እንዳይመስላችሁ። ለድግስ የሚሆን ብዙ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ከጥቂት ዘይት ጋር ሲፈጭበት እጅ አይገማም፣ ጊዜም ይተርፋል። የስልስ ቲማቲም፣ የሰላጣ ካሮትና ጥቅል ጎመን በመክተፊያ ዲስኩ ልክ ይወጣል፤ በጣት ሳይሆን በመግፊያው እስከተገፋ ድረስ። ስለቱ መሀሉ ባለው የፕላስቲክ አንገት ተይዞ፣ በብሩሽ፣ ብቻውን ይታጠባል፤ ሳፋ ውስጥ አይተኛም፤ ልጆች በማይደርሱበት ይቀመጣል። ሶኬቱ ክዳን ከመከፈቱ በፊት ይነቀላል።

ይህን ሁሉ አሁን አውቃለሁ፤ ከማወቄም የተነሣ አዲስ ኃጢአት አብቅያለሁ። አስተማሪ ሆኛለሁ። ቡና ላይ፣ ዕድር ላይ፣ ሠርግ ቤት ሽንኩርት በሚከትፉ እናቶች መካከል ሳይቀር ስለ 120 ቮልት፣ ስለ ጫን ለቀቅ፣ ስለ ክዳኗ ምላስ እሰብካለሁ። ምሳሌ ሲያስፈልገኝ «አንድ የማውቀው ሰው አለ፤ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው…» ብዬ እጀምራለሁ። ሰዉ በዚያ ሰውዬ ሞኝነት ይስቃል፤ እኔም አብሬ ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ። አማቴ አንድ ጊዜ ደርሰውብኝ፣ «ያ ሰውዬ ግን ይቅርታ ጠይቋል እንዴ?» አሉኝ በሰው ፊት። ጠይቋል። ዘግይቶ፣ ሰው በሌለበት፣ አንገቱን ደፍቶ።

ይህን ጽሑፍ እየጨረስኩ ሳለ ባለቤቴ በበሩ ብቅ አለች። ዛሬ ዳጣ ፈጭቻለሁ፤ መፍጫው ከነቃሪያው መታጠቢያው ላይ ተቀምጧል።

«ያንን ዕቃ አጠብከው?»

«ኑዛዜ እየጻፍኩ ነው» አልኳት።